አጭር ዳቦ ለአጭር ሰው

ኤድንብራ ስኖር ከእኔ በታች ባለው ፎቅ አንዲት ባልቴት ነበሩ። በስማቸው እንድጠራቸው ቢፈቅዱልኝም ምላሴ እምቢ ስላለኝ በልቤ «እማማ» ነበር የምላቸው። አንድ የታኅሣሥ ማታ በሬን አንኳኩና አናቴን ትኩር ብለው አይተው «ፀጉርህ ጥቁር ነው አይደል?» አሉኝ።

«የቀረው አዎ» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኮትላንዶች ዲሴምበር 31 ሌሊት ሆግማኔይ የሚሉትን የዘመን መለወጫ ያከብራሉ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የቤቱን ደፍ መጀመሪያ የሚረግጠው ሰው የዓመቱን ዕድል ይዞ ይገባል ይላሉ። በእኛ አነጋገር እግረ እርጥብ መሆን አለበት። ረጅም፣ ጥቁር ፀጉር ያለው ወንድ ከሆነ እሰየው፤ ፀጉረ ወርቃማ ከሆነ ግን ገዱ አያምርም። በድሮ ዘመን ፀጉረ ወርቃማ እንግዳ ማለት በር ሰብሮ የሚገባ ቫይኪንግ ስለነበረ ነው ይባላል። እግረ እርጥቡ ታዲያ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ከሰል፣ ውስኪና ሾርትብሬድ የሚባለውን የቅቤ ብስኩት ይይዛል።

ፀጉሬ ሥራ ሲያስገኝልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። የቁመቴን ነገር እማማ በጨዋነት አለፉት።

«ሾርትብሬዱን ከሱቅ እንዳታመጣ» አሉኝ ሲወጡ። ዎከርስ የሚባለው ቤት እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ እየጋገረ በቀይ ካርቶን ለዓለም ሁሉ ሲልክ እኔ ለምን እለፋለሁ? ብዬ ነበር ያሰብኩት፤ ግን ለእናት እምቢ አይባልም። አሠራሩንም ደረጃ ላይ ቆመው ነገሩኝ፦ አንድ እጅ ስኳር፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ ሦስት እጅ ዱቄት፣ በሚዛን። እርሾ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ። «ይሄም ሙያ ሆኖ!» ብዬ ናቅኩት።

የመጀመሪያውን ቀን ሚዛኑን ትቼ በዓይኔ ለካሁ፤ እናቴ ድፎ ስታቦካ እንዳየሁትም ክንዴ እስኪዝል አሸሁት። የገና ጾም ላይ ስለነበርኩ መቅመስ አልችልም። ቀማሼ አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ ሆነ፤ ጴንጤ ስለሆነ ቅቤ አይከለከልም። አንዴ ነከሰና መንጋጋውን ይዞ «ወንድሜ፣ ይሄ ለበር ማቆሚያ ይሆናል» አለኝ።

ለካ ስሙ ውስጥ ያለው «ሾርት» አጭር ማለት አይደለም፤ በድሮው እንግሊዝኛ በቀላሉ ፍርክስ የሚል ማለት ነው። ቅቤው የዱቄቱን ብናኝ ሸፍኖ የስንዴው ፕሮቲን እርስ በርሱ እንዳይያያዝ ያደርገዋል። ባሹት ቁጥር ግን ይያያዛል፣ ይጠነክራል። ድፎን ድፎ ያደረገው ጉልበት ሾርትብሬድን ይገድለዋል።

በሁለተኛው ቀን እጄን ሰበሰብኩና ምላሴን ለቀቅኩ፦ እናቴ ከላከችልኝ ንጥር ቅቤ ጨመርኩበት። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ እርዱ፣ ምኑ ቅጡ! ንጥር ቅቤ ቀልጦ የተጣራ ስለሆነ ሊጡን አልይዝ አለ፤ ኦቭን ውስጥ ቀልጦ ትሪው ላይ ተንሰራፋ። ሽታው በጾም የዶሮ ወጥ ሆኖ ቤቱን ሞላው። ጓደኛዬ ቀመሰና ግራ ቀኝ አይቶ «እንጀራው የታለ?» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን እንደ ወርቅ ሻጭ ሚዛን ላይ አቀረቀርኩ፦ 100 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 300 ግራም ፉርኖ ዱቄት። ቅቤውንና ስኳሩን አዋሃድኩ፤ ዱቄቱን በጣቴ ጫፍ ብቻ ሰብስቤ ትሪ ላይ ጠፈጠፍኩ። ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አሳረፍኩት፤ እንፋሎቱ መውጫ እንዲያገኝ በሹካ ወጋጋሁት፤ ከዚያ በ160 ዲግሪ ለ40 ደቂቃ ያህል። ጠይም ከሆነ አበቃለት፤ ዳሩ ብቻ ወርቅ ሲመስል ነው የሚወጣው። ትኩስ እያለ ቆረጥኩት፤ ከቀዘቀዘ ቢላዋ ሲያርፍበት ይፈረካከሳል። ጓደኛዬ ምንም አላለም። አራት በላ።

እኩለ ሌሊት ሲያልፍ በአንድ እጄ ከሰል፣ በብብቴ ውስኪ፣ በሌላው እጄ ትሪውን ይዤ ወረድኩ። እማማ ነከስ አደረጉና «ቅቤው ጥሩ ነው» አሉ። በኋላ እንደገባኝ የዚያ አገር ሰው ከዚህ በላይ አያሞግስም። ለእኔም ሲያቀርቡልኝ ጾሜን ነገርኳቸው። በዘመን መለወጫ ቅቤ የማይበላ ሰው አይተው አያውቁም፤ ግን አልተከራከሩኝም። ሁለት ቁራጭ በቆርቆሮ ዕቃ ከተው ሰጡኝ። በጃንዋሪ 7፣ በገና ጠዋት፣ ከፈትኩት፤ አንድ ሳምንት ምንም አላደረገውም። ከሦስት ትሪ ድካም በኋላ የራሴን ሾርትብሬድ የቀመስኩት ያን ጊዜ ነው።

በዓመቱ እማማ እንደገና በሬን አንኳኩ። ፀጉሬ ከዓምናው ሳስቷል፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። «ትሪውን ይዘህ ና» ብለውኝ ወረዱ።