ሰሊጥ አገር ላይ የበረዶ አካፋ

የመተማ ዮሐንስ ሰው ከእንግዲህ በረዶ ይጥልብኛል ብሎ አይስጋ። አንድ የአገራችን ልጅ በግል ድረ ገጹ ላይ አካፋውን አቅርቦለታል፦ እጀታው የሚታጠፍ፣ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሰማያዊ። ገጹን ዘግተው መልሰው ሲከፍቱት አካፋው ይሄድና የድመት አሸዋ ይመጣል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲከፍቱት ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ። ሙቀቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ በሚያድርበት ቆላ፣ ለብርድ ልብስ ሻጭ ከዚህ የበለጠ ያልተነካ ገበያ የት ይገኛል?

ስሙን አልጠራም፤ ደግሞም ብቻውን አይደለም። ከገንዳ ውሃ እስከ አዲስ አበባ መሰሎቹ ብዙ ናቸው። ለአጠራር እንዲመች ወዳጃችን እንበለው።

ወዳጃችን ገጹን የከፈተው ስለ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ሊጽፍ ነበር፤ ስለ ሰሊጡ፣ ስለ ዕጣኑ ዛፍ፣ ስለ ቋራ፣ ስለ ድንበሩ። ጀምሮም ነበር። ከዚያ አፊሊየት የሚሉትን ነገር ሰማ። የሌላ ሰው ዕቃ ሊንክ ገጽህ ላይ ትለጥፋለህ፤ ሊንኩ ውስጥ ያንተ መለያ አለ፤ አንባቢህ ነክቶት ሄዶ ከገዛ ኮሚሽን ይታሰብልሃል። አማዞን ይህን አሠራር የጀመረው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚከፍለውም እንደ ዕቃው ዓይነት በአብዛኛው ከ1 እስከ 10 በመቶ ነው። አንድ ማስታወቂያ ሁልጊዜ ከታየ ዓይን ይለምደዋል። ስለዚህ ብዙ ሊንክ በአንድ ዝርዝር ትከትና ገጹ በተከፈተ ቁጥር አንዱን በዕጣ የሚያወጣ ኮድ ታስገባለህ። ወዳጃችን ይህን ከተማረ ወዲህ ጸሐፊ መሆኑ ቀርቶ ዕጣ አውጪ ሆኗል።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዕቃ ያልቃል፣ ሻጭ ይዘጋል፣ ሊንክ ይሞታል። የሞተው በየጊዜው እየተለቀመ በሌላ መተካት አለበት። የምስሎቹ ስፋት ካልተመጠነ ገጹ ይንጋደዳል። ደግሞም ሁሉም እኩል ዕድል አይሰጠውም፤ የትኛው ቶሎ ቶሎ ይውጣ፣ የትኛው ይዘግይ የሚለው በቁጥር ይመዘናል። ወዳጃችን ለአካፋው 3፣ ለብርድ ልብሱ 2፣ ለድመት አሸዋው 5 ሰጥቷል። ለምን 5 ሲባል «ድመት ያለው ሰው ታማኝ ደንበኛ ነው» ይላል። የመተማ ድመት አሸዋ አጥታ ስትንከራተት ያየ ሰው ካለ ግን እስካሁን ለምስክርነት አልቀረበም።

ሌሊት ኔትወርኩ ሲሻል ይነሣና ክብደቱን ያስተካክላል። አሸዋውን ወደ 4 ያወርዳል፤ አካፋውን ከፍ ያደርጋል። ጎረቤቶቹ መብራቱን አይተው መጽሐፍ የሚጽፍ ይመስላቸዋል።

ገቢውን ደግሞ እናስላው፤ ሰው በልፋቱ ልክ መከበር አለበት። አካፋው 25 ዶላር ነው፣ ኮሚሽኑም 3 በመቶ ነው እንበል። ከአንድ አካፋ 75 ሴንት ይገኛል። አማዞን ደግሞ ሒሳቡ ቢያንስ 10 ዶላር ሳይሞላ አይከፍልም፤ ስለዚህ 14 አካፋ መሸጥ ግድ ነው። ሊንኩን የነካ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ዕቃውን ቅርጫቱ ውስጥ ካላስገባ ድካሙ ከንቱ ነው። አዲስ አባል በ180 ቀን ውስጥ 3 ሽያጭ ካላመጣ ደግሞ ከማኅበሩ ይሰናበታል። የአብርሃጅራ ገበሬ እንግዲህ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ያውጣ፣ ዕቃ የሚደርስበት አድራሻ ያብጅ፣ ጉምሩክ ይጨርስ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ጀንበር ይወስን። ወዳጃችን ራሱ በራሱ ሊንክ ቢገዛ ኮሚሽን አይታሰብለትም፤ ደንቡ ይከለክላል። መከልከሉ ባይኖር ኖሮ መተማ ውስጥ ቢያንስ አንድ የበረዶ አካፋ ይኖር ነበር።

«ዶላር እኮ ነው!» ይላል። እውነቱን ነው፤ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ ከወንበሩ ይነሣል። ነገር ግን ወዳጃችን የመረጠው የክፍያ ዓይነት የስጦታ ካርድ ነው። የአማዞን የስጦታ ካርድ የሚሠራው ከአማዞን ለመግዛት ነው። ስለዚህ 14 አካፋ ሸጦ የግማሽ አካፋ ዋጋ እንኳ ሳይሞላ ይቀበላል ማለት ነው።

ደላላ ነውር አይደለም። በዚህ አገር ከደላላ ጋር ያልተጨቃጨቀ አምራች የለም፤ ሆኖም የሰሊጥ ደላላ ማዳበሪያውን ፈትቶ እጁን እስከ ክርኑ ያስገባል፣ ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ ይቀምሳል፣ አፈር ከበዛበት ሻጩን ፊት ለፊት ይሰድባል። የሚያሻሽጠውን ያውቃል፤ ከዋሸም በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው ገበያ ላይ ይገኛል። ወዳጃችን ግን አካፋውን አላየም፣ በረዶም አላየም፣ ገዢውንም ሻጩንም አያውቅም። ዛሬ በስሙ ሥር ምን እንደወጣ ቢጠየቅ ኮዱን ይመልከቱ ይላል። በአደባባይ በገዛ ስሙ ቆሞ «ይህን ግዙ» የሚል፣ ምን ግዙ እንዳለ ግን የማያውቅ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አየን።

ለአንባቢው ግን ያስባል። ሐምሌና ነሐሴ ጎንበስ ብሎ ሰሊጥ ሲያርም የከረመ ሳሉግ፣ ማለትም ወቅታዊ የቀን ሠራተኛ፣ የመስከረም አጨዳ የቀን ሒሳብ ስንት እንደገባ፣ ኩንታሉ ስንት እንዳወጣ ለማየት ገጹን ሲከፍት፣ ከላይ ክብደት መቀነሻ ክኒን፣ ከታች የሆድ ስብ ማቅለጫ ቀበቶ ይቀበለዋል። ሰሊጡ ፍሬው ተሰንጥቆ ሳይረግፍ መታጨድ አለበት፤ ታጭዶም እንዲደርቅ ነዶው ተደጋግፎ ሂላ መቆም አለበት፤ ሰውዬው የቸኮለው ለዚያ ነው። የኩንታሉ ዋጋ ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ አልታደሰም። የታደሰው ቀበቶው ነው። ምስሎቹን ያመጣው ዳታም የተቀነሰው ከሳሉጉ ጥቅል ላይ ነው። ሰውን ራሱን አስከፍሎ ማስታወቂያ ማሳየት፣ መቼም ጥበብ ነው።

ሕግ አክባሪነቱንም ልመስክር። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ይፈልጋል። በወዳጃችን ገጽ ላይ ይህን መለየት ሕፃን አይሳነውም፤ የሚንቀሳቀሰው ማስታወቂያ ነው፣ ከቆመ የሰነበተው ጽሑፍ ነው።

የመጀመሪያው የድረ ገጽ ባነር በ1994 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ካዩት 100 ሰዎች 44ቱ ነክተውታል ይባላል። ዛሬ ከ100 አንድ ማግኘትም ብርቅ ነው። ወዳጃችን ግን ሃይማኖቱ ጽኑ ነው፤ የ1994ቱን እየጠበቀ ነው።

እዚህ ላይ ሽሙጤ ትንሽ ይመርራል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ሰው በድንበር ማዶዋ በጋላባት በኩል ጓዙን ተሸክሞ ወደ መተማ ጎረፈ። ሱዳናዊው፣ ከዓመታት በኋላ ባዶ እጁን የተመለሰው የእኛው ሰው፣ የሌላ አገር ዜጋ፤ በኋላም ኩመርና አውላላ ላይ የስደተኛ መጠለያ ቆመ። በዚያ ሰሞን ከወዳጃችን የተሻለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ጸሐፊ አልነበረም። በሩ ላይ ቆሞ ቢጠይቅ ይበቃው ነበር። የጻፈው አራት መስመር ነው። ከአራቱ መስመር ሥር ዕጣው ያወጣው «ለዕረፍት ጉዞዎ ቀላል ሻንጣ» የሚል ማስታወቂያ ነበር። ይህን ወዳጃችን አልመረጠውም፤ ሻንጣው 2 ክብደት ተሰጥቶት ተራውን ጠብቆ ወጣ እንጂ። የዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ሰው ዘመዱ የት እንደደረሰ ማወቅ አቃተው። ወዳጃችንም አዘነ፤ የገጹ ጎብኚ ቁጥር ዜሮ ሆኖበታል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን አንድ ሌላ ጽሑፍ ነው። «የመተማ ጦርነት፤ ክፍል አንድ» ይላል፤ ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ልጁ ሲጽፍ ይችላል። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ማቃጠላቸውን ይተርካል፤ አፄ ዮሐንስ ክተት ብለው ሠራዊታቸውን ሲያስነሡ ያሳያል፤ ከዚያ «ይቀጥላል» ብሎ ያቆማል። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው በማግስቱ ማረፋቸውን የአገሩ ሕፃን ያውቃል፤ በወዳጃችን ገጽ ላይ ግን ዛሬም መንገድ ላይ ናቸው። በግራቸው ብርድ ልብስ፣ በቀኛቸው የድመት አሸዋ ይለዋወጣል፤ እርሳቸው አይነቃነቁም።

ወንድም ዓለም፣ አካፋውን 3 አድርገው፣ ካሰኘህም 7። ክፍል ሁለትን ብቻ አውጣልን፤ የኩንታሉንም ዋጋ አድስ፤ አጨዳው ደርሷል።