ያልተካሄደው ግጥሚያ ለዘላለም ይኑር

የከባድ ሚዛን ቦክስ የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ስሞታ አያጣም፤ ትልልቆቹ በደህና ጊዜያቸው አይገናኙም ይላል። አንዱ እንግሊዝ አንዱ አሜሪካ ተቀምጠው በቪዲዮ ሲሰዳደቡ፣ ውሉ ተቃርቧል ሲባል፣ ፈርሷል ሲባል፣ ዓመት ዓመትን ይወልዳል። እኔ ግን ይህ ስሞታ ምስጋና ቢስነት ነው ባይ ነኝ። ሁለት ሜትር የሚጠጉ፣ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ፣ እንጀራቸው ሰው መምታት የሆነ ሁለት ጎረምሶችን ለዓመታት ሳይነካኩ ማቆየት ቀላል ሥራ ነው? የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ልኮ የሚያቅተውን፣ ፕሮሞተሮችና ጠበቆች አንድ ረቂቅ ውል እየተቀባበሉ ብቻ ያሳኩታል። የሚገርመው የኖቤል ኮሚቴ እስካሁን ዞር ብሎ አለማየቱ ነው።

እንግዲህ ይህ የምስጋና ጽሑፍ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ውሉ የሚፈርሰውም በእነሱ ቀን ነውና።)

ምስጋናው በ1996 ይጀምራል። በዚያ ዓመት ማይክ ታይሰን ደብሊውቢሲ የተባለው ቀበቶ ሰጪ ድርጅት ሻምፒዮን፣ ሌኖክስ ሉዊስ ደግሞ ተራው የደረሰ ተፎካካሪ ነበር። ደንቡ ተጋጠሙ ይላል። የታይሰን ፕሮሞተር ዶን ኪንግ ግን ልጁን ከብሩስ ሴልደን ጋር ማጋጠም አምሮታል። ምን ተደረገ? ለሉዊስ 4 ሚሊዮን ዶላር ተሰጠውና ዞር አለ። ልብ በሉ፤ አፍንጫው ሳይደማ፣ ጓንት ሳያስር፣ ላለመደባደቡ 4 ሚሊዮን። ታይሰን ሴልደንን በመጀመሪያው ዙር ሸኘው፣ የደብሊውቢሲን ቀበቶ አስረከበ፣ ከሉዊስ ጋር ፊት ለፊት የቆሙትም ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ስድስት ዓመት በከንቱ አልፏል የሚል ካለ ሒሳብ አያውቅም። በመሃሉ ታይሰን የሾውታይም፣ ሉዊስ የኤችቢኦ ቴሌቪዥን ንብረት ሆነው፣ ሁለቱ ጣቢያዎች እንደ ሁለት ጎረቤት መንግሥታት ድንበር ሲካለሉ ቆዩ። ጃንዋሪ 2002 ኒውዮርክ ላይ ግጥሚያውን ለማስተዋወቅ መግለጫ ተጠራ፤ ታይሰን መድረክ ላይ ሄዶ ተናነቀ፣ ሉዊስን እግሩ ላይ ነከሰው። የኔቫዳ ግዛት ፈቃድ ከለከለ። ሌላ ስፖርት ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ይቀበር ነበር። እዚህ ግን ንክሻው ማስታወቂያ ሆነ፤ ግጥሚያው ወደ ሜምፊስ ተዛወረ፣ ሁለቱ ጠላት ጣቢያዎችም አንድ ላይ አስተላለፉት። ጁን 8 ማታ ሁለቱ ሪንግ ውስጥ ሲገቡ ቢጫ የለበሱ ጠባቂዎች መሃል ለመሃል ተሰልፈው ለዩዋቸው፤ ደወሉ ሳይደወል እንዳይጀምሩ መሆኑ ነው። ታይሰን ያን ጊዜ 35 ዓመቱ፣ የበላው ቡጢ በርክቶ፣ እግሩ ከብዶት ነበር። በስምንተኛው ዙር ተዘረረ። ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት ከፍሎ አየው። በ1996 ትኩስ ሆኖ ቢቀርብ ኖሮ ይህን ያህል ገዢ አያገኝም ነበር ብዬ ብገምት ማን ይከራከረኛል?

የነገሩ ቁልፍ ይሄው ነው። ሁለት ያልተሸነፉ ቡጢኞች ሲገናኙ ከመካከላቸው አንዱ ያልተሸነፈ መባሉ ያከትማል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ካልተገናኙ ግን ሁለቱም ያልተሸነፉ ሆነው ይኖራሉ፤ ሁለቱም በየፊናቸው ደካማ እያመጡ ይደበድባሉ፤ ከእያንዳንዱ ድብደባ በኋላም ማይክ ይቀርብላቸውና የዚያኛውን ስም ይጠራሉ። አንድ ግጥሚያ አንድ ጊዜ ነው የሚሸጠው፤ ያልተካሄደ ግጥሚያ ግን ተሸጦ አያልቅም። ኤፕሪል 2022 ላይ ታይሰን ፊዩሪ ዲሊያን ዋይትን ሲገጥም ዌምብሌይ 94 ሺህ ሰው ገብቶለታል። ግጥሚያውን የማዘጋጀት ጨረታው ሲከፈት ፕሮሞተሩ ፍራንክ ዋረን ያሸነፉት 41 ሚሊዮን 25 ሺህ ዶላር አስገብተው ነው። ይህ ሁሉ ሕዝቡ ለማየት ለሚቋምጥለት ሳይሆን፣ እስከዚያው ለሚደረገው ግጥሚያ ነው። እስከዚያው እንዲህ ከከፈለ ለዋናው ማን ይቸኩላል?

ቀበቶ የሚያድሉትን አራት ድርጅቶች ካላመሰገንኩ ደግሞ ሆዳቸው ይቀየማል። አንዱ ሜክሲኮ፣ አንዱ ፓናማ፣ አንዱ ፖርቶ ሪኮ፣ አንዱ ኒውጀርሲ ተቀምጠው፣ ከየግጥሚያው ክፍያ መቶኛቸውን እየቆረጡ፣ ለአንድ ሚዛን አራት የዓለም ሻምፒዮን ይሾማሉ። አራት ቢያንሰን ደብሊውቢኤ ሱፐር ሻምፒዮን፣ መደበኛ ሻምፒዮንና ጊዜያዊ ሻምፒዮን ለይቶ ሰጥቶናል፤ ደብሊውቢሲ ደግሞ አልማዝና ብር ጨምሮበታል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ያለው ሰው እነዚህን አላወቀም፤ እነሱ ዘንድ ሲሾምም ሲሻርም ይበላል። አራቱም በየራሳቸው ተራ የደረሰውን ያዛሉ፤ አራቱንም ቀበቶ የያዘ ሰው ታዲያ ለአራት ሰው ባለዕዳ ነው። አንዱን ሲገጥም ሦስቱ ይቆጣሉ። በ1992 ሪዲክ ቦ የተባለው ሻምፒዮን ነገሩን በአጭሩ ፈታው፤ ሉዊስን ግጠም ሲባል ለንደን ውስጥ ጋዜጠኞች ፊት የደብሊውቢሲን ቀበቶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው። ሉዊስ ከአራት ዓመት በፊት በሴኡል ኦሎምፒክ ፍጻሜ እሱን ያሸነፈው ልጅ ነበር። ፕሮፌሽናል ከሆኑ በኋላ ሁለቱ አንድም ቀን አልተገናኙም፤ ንጹሕ ሥራ ማለት ይህ ነው።

ጥበቡ የመጨረሻ ደረጃ ላይ የደረሰው ግን በሁለቱ እንግሊዛውያን፣ በፊዩሪና በአንቶኒ ጆሹዋ ነው። ጁን 2020 ላይ ፊዩሪ ለሁለት ግጥሚያ ተስማምተናል ብሎ አበሠረን። ደስ አለን። እሑድ ሜይ 16 ቀን 2021 ደግሞ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኖ፣ ከሳዑዲው ልዑል ጋር ገና አሁን ተነጋግሮ መጨረሱን፣ ኦገስት 14 ሳዑዲ ላይ መቶ በመቶ መገናኘታቸውን ነገረን። ሰኞ ነጋ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ የግልግል ውሳኔያቸውን ሰጡ፤ ፊዩሪ አስቀድሞ አሜሪካዊውን ዲዮንቴ ዋይልደርን ለሦስተኛ ጊዜ ሊገጥም ይገባዋል። በቀድሞው ውል ውስጥ የሦስተኛው ግጥሚያ መብት ተጽፎ ኖሯል። የፊዩሪ ወገን ቀኑ አልፎበታል ሲል፣ የዋይልደር ወገን ወረርሽኙ ያመጣው መዘግየት ነው እንጂ መብቴ አልሞተም ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩም ወራት የፈጀ እንጂ ድንገት የወደቀ መብረቅ አልነበረም። ስለዚህ እሑድ ዕለት መቶ በመቶ ሲባል፣ የሰኞው ወረቀት ምናልባት እየተተየበ ነበር። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ልበ ሙሉነት የማየው ቤት አከራይ "ውሃ በየቀኑ ይመጣል" ሲል ብቻ ነው።

ይህ ሲሆን ጆሹዋ አንድ ከባድ ስህተት ሠራ፤ በእውነት ተደባደበ። ሴፕቴምበር 25 ቀን ለንደን ላይ ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ በነጥብ አሸንፎ ሦስት ቀበቶ ወሰደበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉሃል ይሄ ነው። ፊዩሪም በግልግሉ ውሳኔ ተገዶ ዋይልደርን ገጠመ፤ እሱም ሁለት ጊዜ ወድቆ፣ ዋይልደርን ሦስት ጊዜ ጥሎ፣ በ11ኛው ዙር ጨረሰው። በዘመኑ ከታዩት ግጥሚያዎች ሁሉ ምርጡ ነው ያሉ ብዙ ናቸው። ጠበቆቹ ባይጣሉ ኖሮ አናየውም ነበር፤ ይህንንም ለአመስጋኞች ጨምሬ አሳውቃለሁ።

በ2022 ፊዩሪ ለጆሹዋ የገቢ ክፍፍል 60 ለ40 አቀረበ። ጆሹዋ እሺ አለ። ታዲያ ምን ቀረ? ወረቀቱ። ፊዩሪ እስከ ሰኞ ካልፈረመ አበቃ አለ፤ ሰኞ መጣ፣ ሰኞ ሄደ፣ አበቃ የተባለውም እንደገና ቀጠለ፣ ከዚያ በኋላ ነው በደንብ ያበቃው። ዲሴምበር 3 ቀን ፊዩሪ ሪንግ ላይ ወጣ፣ የገጠመውም ዴሪክ ቺሶራን ነበር። ቺሶራን ቀድሞ ሁለት ጊዜ አሸንፎታል። ጣሪያው በማይዘጋው የቶተንሃም ስታዲየም፣ በለንደን የዲሴምበር ብርድ፣ ሕዝቡ ካፖርት ደርቦ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ውጤት አየ።

የመቶኛ ክፍፍሉ ድርድር ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። እኛ ጋ ሽማግሌ ሲላክ ስለ ጥሎሽ ይነጋገራል፣ ስለ ሰርጉ ቀን ይነጋገራል፣ ስለ ፍቺ ግን ተነሥቶ አያውቅም፤ ነውር ነው። እነዚህ የሚጀምሩት ከፍቺው ነው። ማርች 2023 ላይ ፊዩሪ ለኡሲክ 70 ለ30 ብሎ፣ በዘገየህ ቁጥር በየቀኑ አንድ አንድ በመቶ እቀንሳለሁ አለው። ይህ የመጨረሻው ስድብ ነበር፤ ተሰድቦ እንዲሄድ የታሰበ ይመስላል። ኡሲክ አልሄደም። እሺ 30ውን እቀበላለሁ፣ ለዩክሬን ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ስጥልኝ አለ። ክፉኛ የሚያስደነግጥ ምላሽ ነው፤ ሰውዬው ሊደባደብ ፈልጓል! ኤፕሪል 29 ዌምብሌይ ተይዞ ነበር። እንግዲህ ምን ተብሎ ይፍረስ? ጠበቆች አያሳፍሩም፤ የመልስ ግጥሚያው አንቀጽ ተገኘ። የተሸነፈው ሲመለስ ገንዘቡ እንዴት ይከፈላል በሚለው ላይ ተጣሉ። ገና ያልተደረገ ግጥሚያ፣ ገና ባልታወቀ ተሸናፊ፣ ገና ባልተቀጠረ የመልስ ቀን ምክንያት ፈረሰ። ይህን ሲሰማ ኮፍያውን የማያነሣ ጠበቃ ካለ ፈቃዱ ይነጠቅ።

ፊዩሪም በቀጠሮው ምትክ በኦክቶበር ሪያድ ሄዶ ፍራንሲስ ንጋኑን ገጠመ፤ ንጋኑ በፕሮፌሽናል ቦክስ አንድም ግጥሚያ አድርጎ የማያውቅ የኤምኤምኤ ተፋላሚ ነው። ፊዩሪን መሬት ላይ ጣለው። ፊዩሪ በጭንቅ በነጥብ ተረፈ።

አሁን አንድ አሳፋሪ ታሪክ ልናገር፤ አንዳንድ ጊዜ ግጥሚያው ይካሄዳል። የሚካሄደው ደግሞ ትርፍና ኪሳራ የማያስጨንቀው ሰው ሲከፍል ነው። በ1974 ዶን ኪንግ ገንዘቡ ሳይኖረው ለሙሐመድ አሊና ለጆርጅ ፎርማን ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገብቶ አስፈረመ፤ ከዚያ ከፋይ ፍለጋ ወጣ፣ የዛየሩን መሪ ሞቡቱን አገኘ። ፎርማን በልምምድ ላይ ቅንድቡ ተቀድዶ ቀኑ ከሴፕቴምበር ወደ ኦክቶበር 30 ሲተላለፍ እንኳ አልፈረሰም። የኪንሻሳ ሰው አሜሪካ እንዲመቸው ብሎ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነቅቶ አየ። ከ50 ዓመት በኋላ ሪያድ ያንኑ ደገመችው። የሳዑዲው ባለሥልጣን ቱርኪ አልሼኽ ፊዩሪንና ኡሲክን ለፌብሩዋሪ 17 ቀን 2024 ቀጠራቸው፤ ፊዩሪ በልምምድ ላይ ከዓይኑ በላይ ተቀደደ፤ ወደ ሜይ 18 ተላለፈ። ከእንግዲህ የሚቀር 10 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል ተባለ። ሁለቱም ሳይቀሩ መጡ። ለሃያ ምናምን ዓመት "ነገሩ ውስብስብ ነው" ሲባል የኖረው በአንድ ቼክና በአንድ የቅጣት አንቀጽ ተፈታ። ሪያድና አዲስ አበባ በሰዓት አንድ ስለሆኑ እኛም እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ አፈጠጥን።

ያው አልሼኽ ጆሹዋንና ዋይልደርን ሊያገናኝ አስቦ እንደነበርም አይዘንጋ። እነዚህ ሁለቱ በ2018 ሁለቱም ሳይሸነፉ፣ የዋይልደር ወገን 50 ሚሊዮን ዶላር በኢሜይል አቅርቦ፣ የጆሹዋ ወገን ኢሜይል ውል አይደለም ብሎ ሳይገናኙ የቀሩ ናቸው። ዲሴምበር 23 ቀን 2023 በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሪንግ፣ ከሌላ ሌላ ሰው ጋር ተጋጠሙ፤ ሁለቱም ካሸነፉ ቀጣዩ የእነሱ ነው ተባለ። ዋይልደር በጆሴፍ ፓርከር ተሸነፈ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ወደ ኡሲክ ልመለስ። ሜይ 18 ሌሊት አሸነፈ፤ ከሉዊስ 1999 ወዲህ የከባድ ሚዛን ቀበቶዎችን ሁሉ የጠቀለለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አደጋው ይታያችኋል? ሻምፒዮኑ አንድ ከሆነ ማን ከማን ጋር ሊደራደር ነው? እግዜር ይስጣቸውና ከአራቱ ድርጅቶች አንዱ፣ አይቢኤፎች ደረሱ። ደንባቸው የመልስ ግጥሚያን ሳይሆን ተራው የደረሰውን ያስቀድማል፤ ኡሲክ ግን የመልሱን ውል ፈርሟል። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ቀበቶውን ለቀቀ፣ ለዳንኤል ዱቧ ተሰጠው። ዱቧ በፊተኛው ዓመት ኡሲክ በዘጠነኛው ዙር የዘረረው ሰው ነው። ኡሲክ ፊዩሪን ዲሴምበር ላይ ደግሞ አሸነፈው፤ ከዚያም ጁላይ 2025 ዌምብሌይ ላይ ዱቧን በአምስተኛው ዙር እንደገና ዘረረው፣ የራሱን ቀበቶም አስመለሰ። ይህንኑ ለማየት ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቲኬት ቆርጦ ገባ።