አያት የጠፋበት ካለ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ያለው ሰው ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ሳያይ ነው የሞተው። የዜግነት አዋጁ፣ ቁጥር 378/1996፣ ከተረቱ ጋር ይስማማል፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል። ቁርጥ ያለ ነገር ነው። ደግነቱ ታላቅ ወንድሙ፣ አዋጅ 270/1994፣ ቀድሞት ተወልዷል። ከወላጆችህ፣ ከአያቶችህ ወይም ከቅድመ አያቶችህ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ ያለ ቪዛ ግባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ሥራ፣ ቤትም ይኑርህ ይላል። በ2011 የባንክ አክሲዮን ተመረቀበት። የተከለከለው መምረጥ፣ መመረጥ፣ መከላከያና መሰል መሥሪያ ቤቶች መቀጠር ብቻ ነው። ከዜግነት አጥንቱ ተለቅሞ ሥጋው ቀረበ ማለት ነው።

እናም በወገዳና በነፋስ መውጫ የሟች አያት ዋጋ ንሯል። እናቱ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ስትወጣ ወረቀት ያልያዘችለት ጎበዝ ከሜሪላንድ ለአያቱ ታናሽ ወንድም ይደውላል።

«አባባ፣ የአያቴ ሙሉ ስም ማን ነበር?»

«ምነው ልጄ፣ ርስት ልትሟገት ነው?»

ሽማግሌው አልተሳሳቱም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እስከ የካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ዘር የሚቆጠረው ለዚሁ ነበር፤ በእናትም በአባትም ሽቅብ ቆጥሮ ከአቅኚው አባት የደረሰ ድርሻዬን ይላል። ለጋብቻማ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አዲሱ ርስት ይሻላል፦ ሦስት ቤት ይበቃዋል፣ እርሻም የለበትም፤ ዶላር ብቻ ይዘህ ና ነው።

ወረቀቱ ግን ያስቸግራል። አያትየው የተወለዱት «ጣሊያን ሊገባ ሲል» ነው፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የታወጀው በ2004። ያጠመቋቸው ቄስ አርፈዋል። በሕይወት ሳሉ አንድ ጋቢ ያልላከላቸው ዘር አሁን ከመደብ ሥር ሣጥን እያስወጣ፣ ምስጥ የጀመረውን የግብር ደረሰኝ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ ይላል። ጠርዙ እንዳይቆረጥ አደራ፣ የአያቴ ስም እዚያ ጋ ነው!

ካርዱ ተገኘ፤ ለደስታውም፣ ለሠርጉም ተብሎ የሽማግሌው ልጅ ወደ ሜሪላንድ ተጠራ። ወገዳ ላይ መሬት፣ ጥማድ በሬ፣ ሚስትና አራት ልጆች አሉት። የቪዛው መስኮት ላይ የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ ከአገርህ ጋር የሚያስተሳስርህን ነገር በበቂ ሁኔታ አላስረዳህም።