ገና እየመረጥን ነው

የሰፈራችን የሽኩና ዳሌት ልጆች ሥራ ፈት ናቸው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተቆጡት። ከጧት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናቸው፤ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እየመረጡ ነው። ሥራው ደመወዝ የለውም፣ ጡረታ የለውም፣ ማለቂያም የለውም፤ ክብር ግን አለው። «ምን ትሠራለህ?» ሲሉት «ሃይቴክ ልገባ ነው፤ ለጊዜው በፓይተንና በጃቫስክሪፕት መካከል ነኝ» የሚል ልጅ የትም ሰርግ ላይ አያፍርም።

ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ከሰፈራችን በእግር ይደረሳል። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ደግሞ በ2013 የተከፈተው የጋቭ ያም የቴክኖሎጂ ፓርክ አለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ በየትኛው እንቁጠር የሚለው ክርክር ለሌላ ጊዜ ይቆየን)። ታዲያ ይህን ያህል ለቀረበ ነገር መቸኮል ከጨዋ ልጅ አይጠበቅም።

የመራጭ ኑሮ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ «ዘንድሮ መማር ያለብህ ቋንቋ» የሚል ቪዲዮ ይታያል። ወዲያው ኮርስ ይገዛል። ሦስተኛው ትምህርት ላይ፣ ነገሩ ገና መግባት ሲጀምር፣ ያ ቋንቋ ሞቷል የሚል ሌላ ቪዲዮ ይመጣል። ልጁ ለሟቹ ሐዘን ይቀመጣል፤ ሰልስቱ ሳይወጣ ሌላ ኮርስ ይገዛል። እኔ በበኩሌ የፒኤችፒን ያህል ተደጋግሞ የተቀበረ አላውቅም። ራስመስ ሌርዶርፍ በ1995 ካወጣው ወዲህ ሞቱ ሲታወጅ ኖሯል። ሬሳው ግን ሥራ በዝቶበታል፤ ፌስቡክ በ2004 የተጀመረው በእሱ ነው፣ ዊኪፔዲያም ዛሬ ድረስ በእሱ ይሠራል።

ብሬንዳን አይክ ጃቫስክሪፕትን በ1995 በ10 ቀን ሠርቶ አስረከበ። እንዴት ያለ ጥድፊያ ነው! እኛ ቋንቋ መፍጠሩ ቀርቶ ለመምረጡ ስንት ሲግድ ጾመን ፈታን። ደግሞ ነውሩ፣ ብራውዘር ውስጥ የሚሮጠውን ማንም አላማከረንም፤ ታይፕስክሪፕት ቢጻፍም መጨረሻው ያው ጃቫስክሪፕት ነው። ስልኩም እንዲሁ። አፕል በ2014 ስዊፍትን አወጣ፣ ጉግል በ2017 ኮትሊንን ለአንድሮይድ ተቀበለ፤ የዳሌት ወንበር ላይ የተቀመጠው ሸንጎ ሳይሰማ ነገሩ አለቀ።

በ2018 ኤርቢኤንቢ በጃቫስክሪፕት የስልክ መተግበሪያ የሚሠራበትን ሪአክት ኔቲቭን እንደሚተው ሲያስታውቅ ሰፈሩ ተናወጠ። «አላልኩም?» ያለው ብዛቱ! አንዱማ ፕሮጀክቱን በሙሉ አጠፋው፤ ፕሮጀክቱ ስምና ሎጎ ነበር። ኤርቢኤንቢ ከመተዉ በፊት በእሱ ሠርቶ ለደንበኛ ማቅረቡን ያነሳ ሰው አልነበረም፤ ጥቃቅን ነገር ነው።

ሁሉም ቋንቋ እኩል ነው አልልም። ካሜራውንና ብሉቱዙን አጥብቆ የሚያሠራ መተግበሪያ ስዊፍትና ኮትሊን ቢጠይቅ እውነት አለው። ሐዲዱን መሻገርም ቀላል አይደለም፤ የሠራዊቱ የስለላ ክፍል የ8200 ልጆች እርስ በርስ እየተጠራሩ እንደሚገቡ ማን ያጣዋል? በዚህ በኩል ሲገፉን ደግሞ በዚያ በኩል ራሳችንን መግፋታችን ይገርመኛል። ቀጣሪው መጨረሻ ላይ «አሳየኝ» ማለቱ አይቀርም። ምርጫ ደግሞ አይታይም።

እስቲ አንድ የማይረባ ሐሳብ ልወርውር። የሰፈራችን እናቶች ከኩፓት ሆሊም፣ ከጤና መድኑ፣ የቀጠሮ መልእክት በዕብራይስጥ ይደርሳቸዋል። ብዙዎቹ ከጎንደር ገጠር ሲመጡ አማርኛም ማንበብ አልተማሩም። የግእዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ስላለ በማንኛውም ቋንቋ ይጻፋል፤ ለእነሱ ግን ፊደሉ ራሱ አይበቃም፣ የሚናገር ስልክ ያስፈልጋል። መልእክቱን ተቀብሎ «ማክሰኞ ከጧቱ በሦስት ሰዓት፣ ሳይበሉ ደም ይሰጣሉ» ብሎ በአማርኛ የሚያነብ አንድ ትልቅ ቁልፍ። ለልጅ ልጃቸውም የሚታይ ገጽ ይኑረው፤ ዕብራይስጡ ከቀኝ፣ አማርኛው ከግራ ሲጀምር ገጹ የሚገለበጥበት ነገር ራሱ አንድ ወር ያከራክራል። ይህን ግን ማንም አልተከራከረበትም፤ ለመከራከር መጀመር ያስፈልጋላ።

እናቶቹ ግን አልጠበቁንም። ዋትስአፕ ላይ ድምፃቸውን እየቀዱ ይላላካሉ። ዋትስአፕ የተሠራው በኤርላንግ ነው፤ ኤሪክሰን በ1980ዎቹ ለስልክ ማዞሪያ የፈጠረው፣ ከሸንጎው ማንም ያልጠራው ቋንቋ። ፌስቡክ በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛው ሲስማማ 450 ሚሊዮን ተጠቃሚ ነበረው። እንዲህ ያለ የማይመከር ምርጫ!

ባለፈው አንዲት እናት የደም ግፊት ቀጠሮ መልእክት እንዲያነብላቸው የልጅ ልጃቸውን ሲጠሩት «እማማ ትንሽ ይቆዩኝ፣ ሩስት ከጎ ይሻላል ወይ የሚለውን እያየሁ ነው» አላቸው። ልክ ነው። እሳቸውም ደም ግፊቱን ትንሽ ያቆዩት፤ ቪዲዮው ሦስት ክፍል አለው፣ ሁለተኛው ገና አልወጣም።