ወይ ይጣላል፣ ወይ ይሰቀላል

የወላጆቹን የገጠር ቤት አድሶ፣ ከየቦታው በተለቀመ አሮጌ ዕቃ አሳምሮ ሊኖርበት የተነሣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ጣጣ ነው የምጽፈው። ለሌላ ሰው ቢነግሩት «ደግሞ ለአሮጌ ዕቃ!» ተብሎ ስለሚታለፍ፣ እርስ በርሳችን ስንገናኝ ብቻ እናወራዋለን። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። አሮጌ ዕቃ በአገራችን የቀረለት ዕጣ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ይጣላል፣ ወይ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የሚቀመጡበት በርጩማ፣ የሚበሉበት ገበታ፣ የሚተኙበት ጠፍር አልጋ ሆኖ በቤት ውስጥ እንዲኖር የሚፈቅድለት ሰው እየጠፋ ነው። የሚያደክመኝም ይኸው ነው።

ከመጣሉ ልጀምር። የእኛ ቤት ከደብረ ብርሃን ወዲያ ያለ፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ውስጡ በጭቃ የተመረገ የድሮ ቤት ነው። አባትና እናታችን ካለፉ በኋላ ቤቱን የያዘችልን አክስቴ ናት፤ እግዜር ይስጣት፣ እሷ ባትኖር ጣሪያውም ባልቆመ። ግን በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር ጎድሎ አገኛለሁ። የከሰል ካውያው የት ሄደ? ለልዋጭ ተሰጥቶ ሳፋ መጥቶበታል። የሲንጀሩ ስፌት መኪና የብረት እግርስ? ቁራሌው በኪሎ መዝኖ ወስዶታል። ማሾውም መስታወቱ ስለተሰበረ ከጥራጊ ጋር ወጥቷል። «ልጄ፣ ይህን የድህነት ዕቃ ምን ልታደርገው ነው? እኔኮ ላንተው ብዬ ነው የማጸዳው» ትለኛለች።

በእሷ አልፈርድም። እንስራ ለእሷ ጌጥ ሆኖ አያውቅም፤ ከምንጭ እስከ ቤት በገመድ ታዝሎ ወገቧን ያጎበጠ ሸክም ነው። ቢጫው ጀሪካን ሲመጣ ቀለላት፤ ወድቆ አይሰበርም፣ ልጅም ይይዘዋል። ማንም ሴት ወደ እንስራ ትመለስ የሚል ሰው እንስራ አዝሎ አያውቅም። የሚያበግነኝ ሌላ ነው፤ ጀሪካኑ ከእንስራው ጋር ጥፋት የሌለበትንም ሁሉ ጠርጎ መውሰዱ ነው። ሞሰብ ምን አጠፋ? እንጀራውን ሳያላብ ያቆያል፤ ክዳን ያለው ፕላስቲክ ግን በማግስቱ ያሻግተዋል። የመንዝ በግ ፀጉር ተፈትሎ የተሠራ ባና፣ የዚያን አገር ብርድ የሚመክት ሆኖ ሳለ፣ ከገበያ በመጣ ስስ ብርድ ልብስ ተተክቶ የውሻ መኝታ ሆኖ አገኘሁት። አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ዛሬ የምተኛው በእሱ ነው።

ከመጣል የተረፈው ደግሞ ይሰቀላል። ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ሎጅ ወይም «የባህል» ተብሎ ወደተከፈተ ምግብ ቤት ግቡ። ሞፈሩ ግድግዳ ላይ፣ ቀንበሩ ከጣሪያ ላይ አምፖል ተንጠልጥሎበት፣ ዕርፉ አንድ ጥግ፣ ድግሩ ተገልብጦ ሌላ ጥግ። ማረሻው የለም፤ ብረት ነውና ለብቻው ተሽጧል። ወገሉም እንዲሁ። ይህን መሣሪያ ይዞ ጋሻ መሬት ያረሰ አባት ያለው ሰው እዚያ ተቀምጦ ምሳው እንዴት ይወርድለታል? ጠላ የሚጠመቅበት ጋን የወረቀት አበባ ተሰክቶበታል። ሰፌዱ መሐሉ ተቀዶ የመብራት ቆብ ሆኗል።

ከሁሉ ያልረሳሁት አንድ ገበታ ነው። ከዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣ ከነእግሩ አንድ እንጨት። ዓመታት የጠጣው ቅቤ ከውስጥ ሆኖ አጥቁሮታል፤ ከዳር ዳር የቢላዋ ጭረት አለበት፣ በአንዱ ወገን ጭረቱ በዝቷል፤ ሥጋ የሚቆርጠው ሰው ሁልጊዜ በዚያ በኩል ይቀመጥ እንደነበር ያስታውቃል። መሐሉን በመሰርሰሪያ በስተው የግድግዳ ሰዓት ገጥመውበታል። ቁጥሮቹ በወርቅማ ፕላስቲክ ተለጥፈዋል። ዙሪያውን ቤተሰብ ከቦ የበላበት ነገር ነው። ቀዳዳውን ማን ሊመልሰው ይችላል?

መስቀል ሁሉ ነውር ነው ማለቴ አይደለም። ሐረር ሄዶ የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ያውቃል፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌትና በሳህን የተሞላ ነው፤ ዓይን ይጠግባል። ጀጎል በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ግንቡና መስጊዶቹ ብቻ ሳይሆኑ እነዚህ ቤቶችም አሉበት። እዚያ የተሰቀለው ስፌት ግን ለሠርግ ይወርዳል፣ ለድግስ ይወርዳል፣ ሥራውን ጨርሶ ይመለሳል። የሰፋችውም የቤቱ ሴት ወይም እናቷ ናት። የተሰቀለው ቦታው እዚያ ስለሆነ እንጂ ሥራ ፈትቶ አይደለም።

ወደ ገበያው ስንመጣ ደግሞ ሌላ መከራ አለ። የጅማ በርጩማ ልግዛ ብላችሁ ውጡ። ደላላው ገና ከሩቅ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አባ ጅፋር የተቀመጡበት ነው» ይላል። አባ ጅፋር በዚያ ሁሉ በርጩማ ተቀምጠው አይጨርሱትም። አብዛኛው ካቻምና የተጠረበ፣ ጭስ ላይ ተሰቅሎ የከረመ፣ ከዚያ የጫማ ቀለም የተቀባ ነው። እርጥብ ጥጥ ቢያሹበት ጥቁሩ ይለቃል። እውነተኛው በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሦስት እግር ያወጣ ነው፤ ሚስማር የለበትም፣ ማጣበቂያም የለበትም። መገልበጥ ነው። መሬት የሚነካው የእግሩ ጫፍ እኩል አያልቅም፤ መቀመጫው ሰው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ብቻ ይለሰልሳል፤ ስንጥቁ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይሄዳል፣ በውስጡም የዓመታት አቧራ ይኖራል። ሐሰተኛው ከላይም ከታችም እኩል ጥቁር፣ እኩል ለስላሳ ነው። ይህን ለሻጩ ስታሳዩት ደግሞ ይቆጣል። «ካልፈለጉ ይተዉት፣ ፈረንጅ ይገዛዋል» ይላል። አዲስ ነው ብሎ ቢሸጠው እኮ ጥሩ ሥራ ነው! የሠራው ልጅ እጁ ወርቅ ነው። በሐሰት ማስረጀቱ ለምን አስፈለገ?

ይኸኛው በገንዘብ ብቻ የሚያልፍ በደል ነው። ብራናው ግን አያልፍም። በየስጦታ ዕቃ መሸጫው በመስታወት ውስጥ ገብቶ የሚሸጥ የብራና ቅጠል አይታችሁ ይሆናል፤ ጥቁርና ቀይ ጽሑፍ፣ አንዳንዴም ሥዕል ያለበት። ያ ቅጠል ለብቻው አልተወለደም። ዳዊት ነበር፣ ወይ ተአምር፣ ወይ ድርሳን። አንድ ሰው ስፌቱን ፈትቶ ወይም በምላጭ ቆርጦ ቅጠል በቅጠል ሸጦታል፤ መጽሐፉ እንዳለ ከሚያወጣው የበለጠ ስለሚያወጣለት። ፍየል ታርዶ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ፣ ጸሐፊው ወራት ጎንበስ ብሎ የጨረሰው ሥራ የሳሎን ጌጥ ሆነ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችንም «ለቤታችን ግድግዳ የሚሆን አሮጌ ነገር ላክልን» ሲሉ ይህን ቢያስቡልን ምን ነበረበት? ሞሰብ እልካለሁ፣ ጀበና እልካለሁ፤ አዲስ፣ የሠሪዋ እጅ ያልደረቀበት። ብራና ግን አልልክም፤ ስለዚህም «አንተ ደግሞ ታከብዳለህ» ተብዬ ተኮርፌአለሁ። ይኮረፍ።

የእንጨቱ ነገር ለብቻው ያስለቅሳል። በ2016 የአዲስ አበባው ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ሰው የተከዘው ለትዝታው ነው፤ ልክ ነው። እኔ ግን ዓይኔ የነበረው ወለሉ ላይ ነው። በአራዳ አካባቢ ከነበሩት የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ የዝግባ ወለል፣ የጽድ ምሰሶ፣ በእንጨት ሥራ የተዋበ በረንዳ የነበራቸው ናቸው። ዝግባም ጽድም ዛሬ እንደልብ የሚገኝ ግንድ አይደለም። ጽድ ሽታው ራሱ ምስጥን ያርቃል፤ ከአሮጌ ቤት የወጣ የጽድ ምሰሶ ሥሩ መሬት ውስጥ ከርሞ እንኳ ልቡ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ለገጠር ቤት እድሳት ከዚህ የበለጠ ምን አለ? አሁን የምንሠራበት እርጥብ ባሕር ዛፍ ዓመት ሳይሞላው ይጣመማል፣ ነቀዝ ይገባዋል፣ በሩ አልዘጋ ይላል።

ታዲያ ያ ዝግባ የት ደረሰ? ቀስ ብሎ ሚስማሩን እየነቀለ የሚያነሣ የለም። ጊዜ የለም፣ ትእዛዝ ነው፣ መኪና ቆሟል። በድጅኖ ተገንጥሎ ከመሐሉ ተሰንጥቆ ይወጣል። ጥቂቱ ምን አለሽ ተራ ይደርሳል፤ የቀረው የማገዶ ዋጋ ወጥቶለት እንጀራ ይጋገርበታል። ለመግዛት ብር ይዘን የቆምን ሰዎች ነበርን። «ለማን ነው የሚከፈለው?» ብለን ስንጠይቅ መልስ የሚሰጥ አልነበረም፤ አንዱ ወደ አንዱ ይመራናል፣ በመሐሉ ጣውላው ይጫናል። ከማፍረሱ በፊት አንድ ሳምንት ብቻ ለእንጨትና ለበር፣ ለመስኮትና ለጠርዝ ድንጋይ ቢሰጥ፣ ዝርዝሩ ቢለጠፍ፣ የሚፈልግ ከፍሎ ቢያነሣ ማን ይጎዳል? ባለቤቱም ጥቂት ብር ያገኝ ነበር።

ተሳክቶልን አንድ ነገር ስናተርፍ ደግሞ አናጢ እጅ እንገባለን። ከአንድ የፈረሰ የገጠር ቤት የመጣ በር ነበረኝ፤ ከአንድ የዋንዛ ሰሌዳ የወጣ፣ ማጠፊያ የሌለው። ከላይና ከታች የራሱ እንጨት ቀጥኖ ወጥቶለት በጉበኑና በመድረኩ ቀዳዳ ውስጥ የሚዞር። የመጥረቢያው ምት ፊቱ ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ መቀርቀሪያው አካባቢ ግን ስንት ሰው ገፍቶት እንደሆነ እንጃ፣ እንደ ጠጠር ለስልሷል። ለአናጢው አደራ ያልኩት ከታች የበሰበሰውን ጥቂት ቦታ ብቻ እንዲጠግን ነበር። ስመለስ መላጊያ አስገብቶ ፊቱን በሙሉ ልጦታል። ቫርኒሹም ደርቋል፤ ያብለጨልጫል። «ጋሼ፣ አሮጌ ነበር እኮ፤ አዲስ አደረግሁልዎ» አለኝ፤ ከልቡ ነው፣ ደስ ብሎት ነው የሚያሳየኝ። ምን ይባላል? ሙያ የተማረው ሁሉ አሮጌን አዲስ ለማስመሰል ነው፤ አሮጌን አሮጌ እንደሆነ አጽንቶ ማቆም የሚባል ሥራ እንዳለ ማንም አላስተማረውም። ከዚያ ወዲህ የማገኛቸውን አናጢዎች አነጋግሬ አውቃለሁ፤ ሁሉም ከመጠየቃቸው በፊት መላጊያውን ነው የሚያነሡት።

ግንበኛውም ያው ነው። ለጭቃ ግድግዳ ሲሚንቶ ካልለሰንኩ ይላል። የጭቃ ግድግዳ እርጥበቱን ወደ ውጭ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ሲለሰንበት ውኃው ውስጥ ይታፈናል፣ ክረምቱ ሲወጣ ልስኑ እንደተላጠ ቆዳ ተነሥቶ ይወርዳል፣ ጭቃውንም ይዞ። አሮጌው ምርጊት ቀላል ነበር፤ አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ቀናት ይቦካል፣ ከዚያ ይመረጋል፣ በእበትና በአመድ ይለቀለቃል። ይህን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው በቀበሌው ጠፍቶ ሳይሆን፣ «የድሃ ሥራ ነው» ብሎ ስለሚያፍር አልሠራም ይላል። የተሻለ ልክፈልህ ሲሉት እንኳ ጎረቤት እንዳያየው ይሠጋል።

ይኸው ማፈር ሸክላ ላይ ሲደርስ ይብሳል። አሮጌ ጋን፣ አሮጌ ገንቦ፣ አሮጌ ምንቸት ብለን የምንናፍቀውን ሁሉ የሠሩት ሴቶች ናቸው፤ ስማቸው አይታወቅም፣ ሲሠሩም ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው እንዳይሰድቡት አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ሰነበተ። ቀጨኔ ብትሄዱ ዛሬም ሸክላ የሚሠሩ እናቶች አሉ፤ አፈሩን በእጃቸው ያሹታል፣ ያለ መዘውር በመዳፋቸው እያዞሩ ያነሡታል፣ ያደርቁታል፣ ይተኩሱታል። ለቤቴ ምንቸትና አክንባሎ የገዛሁት ከእነሱ ነው፤ ወጡ የሚሠራው በዚያ ነው። በገዛሁበት ቀን አጠገቤ ሌላ ገዢ ቆማ ነበር፤ አንዷን እናት ለአንድ ጀበና እስከ መጨረሻዋ ብር ትከራከራታለች፣ «ጭቃ አይደለም እንዴ?» እያለች። መኪናዋ ውስጥ ግን ከአንድ ሱቅ «የጥንት» ተብሎ የተገዛ፣ ጭስ የተቀባ ገንቦ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነበር፤ የከፈለችበትንም ራሷ ነገረችን፤ ጀበናዋን የሠራችው እናት ዋጋውን ስትሰማ ዝም ብላ አየቻትና የጠየቀችውን ብር ቀነሰችላት።