ደመወዝ ለማይጠይቀው አስተርጓሚ የቀረበ ውዳሴ

ሌላው ዓለም መስማት ለተሳነው ተማሪ አስተርጓሚ እየቀጠረ ገንዘቡን ሲያባክን፣ በመናገሻ ዙሪያ ካሉት ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ ግን ከዚህ ሁሉ ወጪ የሚያድን ጥበብ ስለ ተገለጠላቸው፣ ከክፍሉ ንቁ የሆነውን ሕፃን መርጠው ከጎኑ ያስቀምጡና ነገሩን በሪፖርታቸው ላይ «አካቶ ትምህርት» ብለው ይመዘግቡታል። ተሿሚው የ5ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ደመወዝ አይጠይቅም፣ የፈቃድ ቅጽ አይሞላም፣ ጡረታም አያሳስበውም፤ በዓመቱ መጨረሻ በሰልፍ ላይ ይጨበጨብለታል።

የወንድሜ ልጅ ለዚህ ማዕርግ ከበቃ ወዲህ እንዴት እንደሚያስተረጉም ቤት መጥቶ አሳይቶኛል፤ መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ስለ ክፍልፋይ ሲናገር፣ እርሱ መዳፉን በሌላው እጁ ጠርዝ ለሁለት ከፍሎ «ግማሽ» እስኪል ድረስ መምህሩ ሲሶን ጨርሶ ሩብ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁለቱም አይሰሙትም። ጉንፋን የያዘው ቀን የሁለት ሰው መቅረት ነው። በፈተና ሰዓትማ የእጅ ምልክት ኩረጃ ነው።

የሥርዓቱ ምጥቀት ፍንትው ብሎ የሚታየው ግን ሁለቱ በብይ ምክንያት የተኳረፉ ዕለት ነው። ሳይንስ ወዲያው ይቋረጣል፤ ርዕሰ መምህሩ የወላጅና መምህር ኅብረትን ለዕርቅ ይጠራል፤ ሽማግሌዎች ይሰየማሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይከፈታል፣ ብዩ እንደ ኤግዚቢት በፖስታ ታሽጎ ይቀርባል። ተበዳዩ ቃሉን ይስጥ ሲባል ግን በትምህርት ቤቱ ያለው ብቸኛ አስተርጓሚ ተከሳሹ ራሱ ሆኖ ይገኛልና፣ ጉባኤው ተጨንቆ ወደ ወረዳ ይጽፋል፤ ከወረዳ የሚመጣው ልዑክ የውሎ አበል፣ መኪናው ነዳጅ፣ ሾፌሩም ምሳ ያስፈልጋቸዋል፤ ልዑኩም የምልክት ቋንቋ ስለማይችል ነገሩ ለዞን ይመራል፤ ይህም ሲሆን መንፈቁ ያልቃል፣ አበሉም የአስተርጓሚን የዓመት ደመወዝ በልጦ ይገኛል፤ ቁጠባችን ግን አልተነካም።

ይህ ግፍ ነው። የአንዱ ልጅ ትምህርት ለሌላው ማሟያ ተደርጎ ሁለቱም ተዘርፈዋል። አስተርጓሚ ቅጠሩ!

ደግሞስ ጎረቤታችን ሰበታ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተመሠረተው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት መኖሪያ፣ የልዩ ፍላጎት መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅም ያለባት ከተማ ስትሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 የምልክት ቋንቋ የሚያውቁ መምህራን እንዲቀጠሩ ሲያዝ፣ ለአቤቱታችን የሚሰጠን መልስ «መደቡ አልተፈቀደም» የሚል ብቻ ነው። (ካህኑ ዘካርያስ አንደበቱ ተዘግቶ ሰሌዳ በለመነ ጊዜ፣ የበጀት ዓመቱ አልቋል ያለው አልነበረም።)

እንግዲህ ጥበቡ እውነተኛ ከሆነ ለሕፃናት ብቻ ተወስኖ መቅረት የለበትም፤ መደብ ከልካዮቹ ሹማምንት የውጭ እንግዳ ሲቀበሉ የሚከፈለውን አስተርጓሚ አሰናብተው የወንድሜን ልጅ ያስጠሩት፤ እንግሊዝኛ ጀምሯል፣ ጭብጨባም ይበቃዋል።