የመመረቂያ ጽሑፍ ምንጮች አሰባሰብና አያያዝ፦ ገላጭ ጥናት

የመመረቂያ ጽሑፍ ማለት አንድ ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ቆይታው መጨረሻ አዘጋጅቶ የሚያስረክበው፣ በልማድ አምስት ምዕራፎች ያሉት፣ በጠንካራ ሽፋን ከተጠረዘ በኋላ ከቀጣዩ ዓመት ተመራቂ በቀር ማንም የማይገልጠው ሰነድ ነው። የዚህ ጥናት ትኩረት ሰነዱ ራሱ ሳይሆን ሰነዱ ቆሜባቸዋለሁ የሚላቸው ምንጮች ናቸው፤ እነዚህም በሁለተኛው ምዕራፍ፣ ይኸውም የአማርኛ ትምህርት ክፍሎች «ክለሳ ድርሳናት»፣ ተማሪዎች ደግሞ «ቻፕተር ቱ» በሚሉት ክፍል ሲጠቀሱ ቆይተው፣ በመጨረሻው ገጽ «ዋቢ ጽሑፎች» በሚል ርእስ ሥር በፊደል ተራ የሚሰለፉት ናቸው። ማንኛውም ጥናት የሚሞላው «የጥናት ክፍተት» ሊኖረው እንደሚገባ በመምህራን ዘንድ ስምምነት አለ፤ የዚህ ጥናት ክፍተት ተማሪው ባወረደውና ባነበበው መካከል የሚገኘው ሲሆን፣ ስፋቱም ለአንድ ጥናት ከበቂ በላይ ነው።

ከታሪካዊ ዳራው ለመነሣት ያህል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈትም ሆነ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1955 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ የምንጭ መሰብሰቢያው መሣሪያ እርሳስና ወረቀት ነበር። ከንባብ አዳራሽ የማይወጣ መጽሐፍ ያስፈለገው ተማሪ የሚፈልገውን አንቀጽ በእጁ ከመገልበጥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ በእጅ መገልበጥ ደግሞ ማንበብን የግድ ስለሚያደርግ፣ አንድን ጽሑፍ ሳያነቡ የራስ ማድረግ በዚያ ዘመን አስቸጋሪ ነበር። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኒክላስ ሉማን በካርድ ላይ በእጅ በመጻፍ ዘዴ በዕድሜ ዘመናቸው ወደ 90,000 የሚጠጉ ማስታወሻዎችን አከማችተው በርካታ መጻሕፍትን ከእነዚያ አውጥተዋል። ፎቶ ኮፒ በመያዝና በማንበብ መካከል የነበረውን ትስስር አላላው፤ ፒዲኤፍ ፈጽሞ በጠሰው። የዛሬው ተመራቂ ኔትወርክ በበጎ ፈቃዱ በተገኘበት በአንድ ሌሊት የሚያከማቸውን ያህል ሉማን በአንድ ዓመት አላከማቹም፤ በሁለቱ ሊቃውንት መካከል የሚደረገው ንጽጽር ግን ከክምችት አልፎ ወደ ንባብ ሲደርስ ለመቀጠል አይመችም።

ምንጮች ከባለቤታቸው ጋር ባላቸው ቅርበት በአራት ይመደባሉ። የመጀመሪያው «የወረደ ምንጭ» ሲሆን፣ ይህም ኮምፒውተር ውስጥ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ተከፍቶ የማያውቅ፣ ስሙም በዘፈቀደ ቁጥሮች ብቻ የሆነ፣ ባለቤቱ ግን ስላለው ብቻ የሚያውቀው የሚመስለው ነው። ሁለተኛው «የተከፈተ ምንጭ» ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ምንጭ አጠቃሎው፣ ማለትም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው አጭር ማጠቃለያ፣ የተነበበለትና ቀሪው ገጽ ለጊዜው ይቆይ የተባለለት ነው። ሦስተኛው «የተነበበ ምንጭ» ሲሆን፣ ከስንት አንዴ የሚገኝ በመሆኑ ስለ ባሕርዩ ብዙ ማለት አልተቻለም። አራተኛውና በቁጥር የሚያይለው «የተወረሰ ምንጭ» ነው፤ ይህም ተመራቂው ከቀደመው ዓመት ተመራቂ ጽሑፍ ላይ ከነጥቅሱ፣ ከነዓመተ ምሕረቱና ከነስሕተቱ ያነሣው ነው።

የተወረሰ ምንጭ ራሱን የቻለ የምርመራ ስልት ያስፈልገዋል። በጥንታዊ የብራና ጽሑፎች ጥናት፣ ሁለት ቅጂዎች በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ግድፈት ከተገኘባቸው ከአንድ እናት ቅጂ የወረዱ መሆናቸው ይገመታል። ይኸው ስልት በመመረቂያ ጽሑፎች ላይ ሲሠራበት፣ በአንድ ደራሲ ስም ላይ የተገደፈች አንዲት ፊደል ከዓመት ዓመት ሳትታረም ስትሸጋገር ስለምትገኝ፣ የአንድን ትምህርት ክፍል የትውልድ ሐረግ ያለ ብዙ ድካም መሳል ይቻላል። ከዚህ ውርስ ዋና ዋናዎቹ የሕንዳዊው የኮታሪ የምርምር ዘዴ መጽሐፍ የ2004 እ.ኤ.አ. እትምና የታሮ ያማኔ የ1967 እ.ኤ.አ. የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ናቸው። የያማኔ ቀመር፣ ማለትም መጠይቅ የሚሞሉ ሰዎችን ብዛት ለመወሰን የሚያገለግለው ስሌት፣ የስሕተት መጠኑ 5 በመቶ ሲሆን ከ1,000 ሰዎች 286ቱን፣ ከአንድ ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ 400ውን ይመርጣል፤ የሕዝቡ ብዛት ምንም ያህል ቢጨምር ከ400 አያልፍም። ቀመሩ ለምን ዓይነት ናሙና እንደሚሠራና ለምን ዓይነቱ እንደማይሠራ ለማወቅ መጽሐፉን መክፈት ያስፈልጋል፤ ይሁንና ቀመሩ በቀደመው ተመራቂ ጽሑፍ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ተሰልቶ ስለሚገኝ፣ መጽሐፉን መክፈት ቀደምትን አለማመን ተደርጎ የሚታይ ይመስላል።

ምንጮች የሚቀመጡበትን ስፍራ በተመለከተ የሥርጭታቸው ስፋት ትኩረትን ይስባል። የአንድ ተመራቂ ምንጮች ከፊሎቹ በስልኩ፣ ከፊሎቹ በቴሌግራም ለራሱ በላካቸው መልእክቶች መካከል፣ ከፊሎቹ በጓደኛው ላፕቶፕ፣ ከፊሎቹ ደግሞ በፍላሽ ላይ ይገኛሉ፤ ፍላሹም ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት ሲዘዋወር በያዘው ቫይረስ ምክንያት ፎልደሮቹን ሁሉ ወደ ሾርትከትነት ለውጦ ይገኛል። የወረቀት ምንጮች በዶርም አልጋ ሥር ይከማቻሉ። ከእነዚህ መካከል «አልቦ ርእስ ፎቶ ኮፒ» የተባለው ለብቻው ሊጠቀስ ይገባዋል፤ ይህም ተማሪው ለገንዘቡ በመሳሳት ከአንድ መጽሐፍ የሚፈልጋቸውን ገጾች ብቻ አስደርጎ የርእሱን ገጽ የተወበት ስለሆነ፣ ይዘቱ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ማን እንደጻፈው፣ መቼና የት እንደታተመ የማይታወቅ ነው። በአንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ዋጋ የተቆጠበው ገንዘብ፣ መጽሐፉን ዳግም ለመፈለግ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በሚደረግ የታክሲ ጉዞ ይወጣል። የተማሪው የራሱ ጽሑፍም ከዚህ ሥርጭት አላመለጠም፤ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «ፋይናል አድቫይዘር ያየው» እና «ፋይናል በቃ» የተባሉ ቅጂዎች ጎን ለጎን ሲኖሩ፣ አማካሪው ያረሙት የትኛው እንደሆነ በስያሜው መለየት አይቻልም።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ይሆናሉ ተብለው ከቀረቡት አንዱ ዞቴሮ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ይህ በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ ምንጮችን በአንድ ስፍራ አስቀምጦ የዋቢውን ዝርዝር ራሱ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ሶፍትዌሩ ግን ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም አለው ብሎ ስለሚያምን፣ የታሪክ ተመራማሪው ባሕሩ ዘውዴ በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ «ዘውዴ» በሚለው ስም ሥር ይመዘግበዋል። በኢትዮጵያ ልማድ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፣ በሶፍትዌሩ ሥርዓት ግን የልጅ ሥራ ወደ አባት ይተላለፋል። በሃምቡርግ የተዘጋጀው፣ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጾች የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ይደረድራል፤ ዞቴሮም ሙሉ ስምን በአንድ ሳጥን መጻፍ ይፈቅዳል። ተመራቂው ግን አንዱን ሰው በአንድ ገጽ «ባሕሩ»፣ በሌላው «ዘውዴ» ብሎ ሲጠቅስ የዋቢዎቹ ቁጥር በአንድ ስለሚያድግለት፣ ሳጥኑን ለመቀየር አይቸኩልም።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይም ከዚህ አይተናነስም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ፤ ስለ አወዳደቁ በ1984 ዓ.ም. የታተመ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የሚለው ተቆርጦ ከእንግሊዝኛ ምንጮች መካከል «1984» ተብሎ ሲሰለፍ፣ ነገሩ ከመሆኑ ሰባት ዓመት አስቀድሞ የተጻፈ ይሆናል። ምንጭ ትንቢት ሲሆን የጥናቱ ተአማኒነት ይጨምር ወይም ይቀንስ እንደሆነ በፈታኞች ዘንድ ጥያቄ ተነሥቶ አይሰማም።

ምንጭ የማሰባሰቡ ሂደት የሚጠናቀቀው «ተጠሪ ፍለጋ» በሚባለው ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ አማካሪው በረቂቁ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ምንጭ?» የሚል አንድ ቃል ይጽፋሉ፤ ተመራቂውም አስቀድሞ ከራሱ ለጻፈው ዓረፍተ ነገር ኃላፊነት የሚወስድለት ደራሲ መፈለግ ይጀምራል። ደራሲው በጉዳዩ ላይ ምን እንዳለ መመርመር ጊዜ ስለሚወስድ፣ ርእሱ የሚቀራረብ ማንኛውም ጽሑፍ ለተጠሪነት ይታጫል። በዚህ መንገድ ዓለም አቀፍ ዝና ያላቸው ምሁራን ሰምተውት በማያውቁት ወረዳ ስላለው የአገልግሎት አሰጣጥ ጽኑ አቋም ያላቸው ሆነው ይገኛሉ።

ከላይ ከተዘረዘረው እንደሚታየው የተመራቂው ችግር የምንጭ እጥረት አይደለም፤ የሥርዓት እጥረትም ብቻ አይደለም፤ በሥርዓት የተደረደረ ያልተነበበ ጽሑፍ ያው ያልተነበበ ጽሑፍ ነው። ምንጩን ያነበበ ሰው ገጹን ያውቃል፤ ገጹን የማያውቅ ሰው ደራሲውን ባይጠራ ለደራሲውም ለራሱም ይሻላል። በመመረቂያ ጽሑፎች ልማድ የመፍትሔ ሐሳብ የሚቀርበው «ለሚመለከታቸው አካላት» ሲሆን፣ እነርሱም ትኩረት እንዲሰጡ ይጠየቃሉ። በዚህ ጉዳይ የሚመለከተው አካል ተመራቂው ብቻ ስለሆነ፣ ባነበበ ቁጥር የደራሲውን ሙሉ ስም፣ ዓመቱን ከነአቆጣጠሩና የገጹን ቁጥር በአንድ ደብተር ወይም በአንድ ፋይል ላይ እዚያው እንዲጽፍ፣ ፎቶ ኮፒ ሲያስደርግም የርእሱን ገጽ ጨምሮ እንዲከፍል ይጠየቃል።